ጠፍር፦ ከሞፈር እስከ ሳጃና ግቢ

በካርቱም የሳጃና ሰፈር ስሙን ያገኘው ከወህኒ ጠባቂዎች ነው። «ሰጃን» በዐረብኛ የእስረኛ ጠባቂ ማለት ነውና። ከጦርነቱ በፊት እዚያና በአጎራባቹ ዴም ብዙ ሐበሻ ይኖር ነበር። በተከራየሁበት ግቢ ማታ ማታ «ዐንገሬብ» የሚባለውን የሱዳን አልጋ እያወጣን ደጅ እንተኛ ነበር። አብዛኞቹ በገመድ የተወጠሩ ሲሆኑ፣ ከአከራያችን ከሐጃ እናት የተወረሰው ግን የቆዳ ነበር። ስሙን ብጠይቃቸው «ዐንገሬብ ቂድ» አሉኝ።

«ቂድ» በቁመቱ የተቀደደ ያልተለፋ ቆዳ ነው። የእኛን «ቀደደ» የሚያውቅ ሰው ቃሉ እንግዳ አይሆንበትም። በትርጉም ሥራዬ ግን «የጠፍር አልጋ» ብዬ መለስኩት፤ ዕቃው አንድ ነውና።

የጠፍር ብልሃት ያለው በእርጥበቱ ነው። የበሬው ቆዳ ከዳር ጀምሮ እየተዞረ ሳይቋረጥ ይቀደዳል፤ ከአንድ ቆዳ ረጅም ጠፍር የሚገኘውም በዚህ ዘዴ ነው። እርጥብ ሳለ ተጠልፎ ሲደርቅ ይኮማተርና ምስማር ሳያስፈልገው እንጨቱን አንቆ ይይዛል። ሞፈርን ከቀንበር የሚያገናኘው ምራን፣ የከበሮው ማሰሪያ፣ ጭነት በአጋሰስ ላይ የሚጠብቀው መጫኛ፣ ሁሉም ከዚሁ ቆዳ ነው። ምራን ከተበጠሰ ጥማዱ ይቆማል። ታሪካችን ስለ ነገሥታት አልጋ ብዙ ሲጽፍ ስለ ምራን ዝም ማለቱ ይገርመኛል። በዛጎል ያጌጠውን አንቀልባ የሠራውን ባለሙያማ «ፋቂ» ብለን ሰድበነዋል፤ ልጆቻችንን ግን በእጁ ሥራ አዝለናል።

ጠፍር ሌላም ፊት አለው። «ጠፍሮ አሰረው» ስንል የምንናገረው ስለዚሁ ቆዳ ነው፤ እርጥቡ ጠፍር በሰው እጅ ላይ ሲደርቅም ያው ይኮማተራልና። በወህኒ ጠባቂዎች ሰፈር ተቀምጬ ይህን ግስ ስተረጉም ብዙ ጊዜ ብዕሬ ይቆም ነበር።

አልጋው ራሱ ከቃላችን ይልቅ ያረጀ ነው። አርኪዮሎጂስቱ ጆርጅ ራይዝነር ከ1913 እስከ 1916 እ.ኤ.አ. በሰሜን ሱዳን በከርማ ሲቆፍር፣ ከሦስት ሺሕ አምስት መቶ ዓመት በፊት የኖሩ ሰዎች በአልጋ ላይ እንደተኙ ተቀብረው አግኝቷል። የአልጋዎቹ እግሮች በበሬ እግር አምሳል የተቀረጹ ነበሩ። ሱዳናውያን ዛሬም ሬሳ የሚሸከሙት በዐንገሬብ ነው፤ ሙሽራም የሚቀመጠው በዚያው ላይ ነው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲፈነዳ ሐጃ አልጋውን ከበሩ ጀርባ አቁመው ወጡ። እኔም በአንድ ቦርሳ ወደ መተማ አመራሁ። ጋላባት ሳልደርስ ማንገቻው ተበጠሰ፤ አንድ የከብት ነጋዴ ከመጫኛው ጫፍ ክንድ ያህል ቆርጦ አሰረልኝ። ያ ቋጠሮ እስከ ጎንደር ደርሷል።