«ቴክ ኦፍ»፦ የአንድ የእንግሊዝኛ ግሥ የትርጉም ጉዞ

ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተመው መዝገበ ቃላት መቅድም ላይ፣ ግሥ ከመስተዋድድ ጋር ተጣምሮ አዲስ ፍች ሲይዝ የውጭ አገር ሰዎችን እጅግ እንደሚያስቸግር ገልጿል። ከምሳሌዎቹ አንዱ «ቴክ ኦፍ» ሲሆን፣ ፍቹንም «መቅዳት» ብሎታል። ልብስን ማውለቅ የሚለው ፍች ከዚያ የቀደመ ነው፤ ከምድር መነሣት የሚለው ግን በይበልጥ የታወቀው በአውሮፕላን ዘመን ነው።

ዋልት ሮስቶው እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ምጣኔ ሀብት በራሱ ኃይል ማደግ የሚጀምርበትን ደረጃ በዚሁ ቃል ሰይሞታል። አውሮፕላን በሰከንዶች ይነሣል፤ ሮስቶው ለዚህ ደረጃ የገመተው ግን ከ20 እስከ 30 ዓመት ነበር። ቃሉ፣ በእኛ አስተያየት፣ ዕቅድ አውጪን ያስቸኩላል።

በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ የሚሰጥ በመሆኑ፣ «ማውለቅ»ን ብቻ ያጠና ተማሪ በኤኮኖሚክስ ክፍለ ጊዜ ይደናገራል። «ዝም አለ» የሚለውን ሰምቶ «ምን አለ?» ብሎ እንደሚጠይቅ እንግዳ መሆኑ ነው።