ወልደመስቀል ኮስትሬ እና የኢትዮጵያ ረጅም ርቀት ሩጫ

ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ ከባርሴሎና እስከ አቴንስ በተካሄዱት አራት ኦሎምፒኮች የኢትዮጵያን የሩጫ ቡድን የመሩ አሰልጣኝ ናቸው። በወጣትነታቸው የመካከለኛ ርቀት ሯጭ ነበሩ፤ የስፖርት ትምህርታቸውን የተከታተሉት በሃንጋሪ ነው።

ሥራውን የጀመሩት ከባዶ አልነበረም። ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በኢትዮጵያ ሠርተዋል፤ የክቡር ዘበኛውን አበበ ቢቂላን በ1952 ዓ.ም. ለሮም፣ በ1957 ዓ.ም. ለቶኪዮ ማራቶን ያበቁት እሳቸው ናቸው። በ1972 ዓ.ም. ምሩጽ ይፍጠር በሞስኮ የ5,000 እና የ10,000 ሜትር ወርቅ ሲያጠልቅ ደግሞ አሰልጣኙ ንጉሤ ሮባ ነበሩ። ከዚያ በኋላ አገሪቱ ከሎስ አንጀለስና ከሴኡል ቀረች። በኦሎምፒክ ሳይታዩ 12 ዓመት ማለፍ ለሯጭ የሙሉ ዘመኑ ማለፍ ነው።

ዝምታውን የሰበረችው ደራርቱ ቱሉ ናት። በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና 10,000 ሜትርን ስታሸንፍ ኦሎምፒክ ላይ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሆነች። ከአራት ዓመት በኋላ በአትላንታ ፋጡማ ሮባ ማራቶኑን፣ ኃይሌ ገብረሥላሴ 10,000 ሜትሩን ወሰዱ።

ለእነዚህ ድሎች ምክንያት ሲጠየቅ የደጋው አየር ይጠቀሳል። መልሱ ግማሽ ነው። የምሥራቅ ጎጃሞቹ ሞጣና ቢቸና ሁለቱም ከ2,400 ሜትር በላይ ናቸው፤ ከፍታ ብቻውን ቢበቃ ስማቸው ከአርሲዋ በቆጂ እኩል በተነሣ ነበር። በቆጂ ግን ደራርቱን፣ ፋጡማንና ቀነኒሳ በቀለን በልጅነታቸው ያሠለጠኑ ስንታየሁ እሸቱ የተባሉ የስፖርት መምህር ነበሯት። እንዲህ የተገኙትን ልጆች የመከላከያ፣ የኦሜድላ፣ የማረሚያና የሙገር ክለቦች ይቀበሏቸው ነበር። ወልደመስቀል ከክለቦቹ የተመረጡትን በአንድነት ሰብስበው በእንጦጦ ዳገት፣ በሰንዳፋና በሱሉልታ ያሮጧቸው ነበር። በልምምድ ሥርዓት ላይ ቀልድ አያውቁም ነበር፤ ኮከብም ይሁን ጀማሪ ለእሳቸው አንድ ነበር።

የዚህ አሠራር ፍሬ ጎልቶ የታየው በ1993 ዓ.ም. መግቢያ በሲድኒ ነው። ኃይሌ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ቀደመ፤ ሚሊዮን ወልዴ በ5,000 ሜትር፣ ገዛኸኝ አበራ በማራቶን፣ ደራርቱ ዳግም በ10,000 ሜትር ወርቅ አገኙ። ኢትዮጵያ ስምንት ሜዳሊያ ይዛ ተመለሰች። በ1996 ዓ.ም. በአቴንስ ሰባት ተገኘ። በዚያ የ10,000 ሜትር ውድድር ቀነኒሳና ስለሺ ስህን ጉዳት ያለበትን ኃይሌን ለመጠበቅ ፍጥነታቸውን ቀነሱ። ኃይሌ አምስተኛ ቢወጣም እነሱ ወርቅና ብር ይዘው ገቡ። የቡድን ሩጫ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል።

እ.ኤ.አ. በ2006 የዓለም አቀፉ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ለወልደመስቀል የአሰልጣኞች ሽልማት ሰጥቷቸዋል። ያረፉት ግንቦት 8 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ከእሳቸው ወዲህ ብዙ ሯጮች በማናጀሮች በተደራጁ ቡድኖች፣ በግል አሰልጣኞች ሥር ሆነው ዓመቱን ያሳልፋሉ፤ ብሔራዊ ቡድኑ የሚሰበሰበው ውድድር ሲቃረብ ነው።

በአራቱ ኦሎምፒኮች የተገኙት 21 ሜዳሊያዎች በሙሉ ከ5,000 ሜትር፣ ከ10,000 ሜትርና ከማራቶን የመጡ ናቸው። ለአጭር ርቀትና ለሜዳ ተግባራት እንዲህ ያለ መሠረት የጣለ አሰልጣኝ ኢትዮጵያ እስካሁን አላገኘችም።