ባሕር ተሻግሮ ልጅ ስለ መቀበል

ሰው ከሌላ ሰው አብራክ የተገኘውን ሕፃን እንደ ራሱ ልጅ አድርጎ ማሳደግ የጀመረበት ዘመን ይህ ነው ተብሎ አይወሰንም። በብዙ አገርና በብዙ ሕዝብ ዘንድ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ልማድ ነው። ነገር ግን ባልና ሚስት ከአገራቸው ተነሥተው፥ ባሕር ተሻግረው፥ ቋንቋውን በማያውቁት ከተማ ጥቂት ቀናት ወይም ጥቂት ሳምንታት ተቀምጠው፥ በዳኛ ፊት ቀርበው፥ የሌላ ሕዝብ ሕፃን ታቅፈው መመለሳቸው የቅርብ ዘመን ነገር ነው፤ በሰፊው ከተጀመረም ከሰባ ዓመት ብዙም አይበልጠውም።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ ጉዞና ቆይታ ነው። ብዙ ሰዎች ቆይታውን እንደ ተራ የመንገድ ጣጣ ይቈጥሩታል፤ ይኸውም ወረቀት እስኪያልቅና የይለፍ ፈቃድ እስኪገኝ ድረስ በእንግዳ ማረፊያ የሚጠበቅበት ጊዜ ብቻ ይመስላቸዋል። እኛ ግን የነገሩን ታሪክ ስንመለከት፥ የቆይታው መኖርና አለመኖር፥ በቆይታውም ጊዜ ማን ከማን ጋራ እንደ ተያየ፥ የሕፃኑ ጥቅም ምን ያህል እንደ ተጠበቀ ከሚያመለክቱት ነገሮች አንዱ ሆኖ እናገኘዋለን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. የተባለው በእኛ፥ እ.ኤ.አ. የተባለው በአውሮጳ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይገንዘብልን።

አስቀድመን የአገራችንን ልማድ እንመልከት። በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ ጉዲፈቻ የሚባለው ሥርዓት ከጥንት የመጣ ነው፤ ቃሉም ከማሳደግ ጋራ የተዛመደ ነው። ልጅ ያልወለደ፥ ወይም የወለደም ቢሆን፥ የዘመዱን ወይም የባዕዱን ልጅ ተቀብሎ በሽማግሌና በዘመድ ፊት የራሱ ያደርገዋል፤ ልጁም በአሳዳጊው ቤት ከአብራክ ልጅ ሳይለይ ይቈጠራል። በአማራውም ዘንድ የጡት ልጅ የሚባል ልማድ ነበር፤ አባት የሚሆነው ሰው ጣቱን ማር አስነክቶ ያጠባል፥ ከዚያም በኋላ የጡት አባት ይባላል። እነዚህ ልማዶች በአፈጻጸማቸው ቢለያዩም በአንድ ነገር ይገናኛሉ፤ ሁለቱም በአደባባይ የሚፈጸሙ ናቸው። የወለደ ልጁ የት እንዳለ ያውቃል፤ ያሳደገም ልጁ ከማን እንደ ተወለደ ያውቃል። ልጁ ሁለተኛ ቤት ያገኛል እንጂ የመጀመሪያው ቤት አይፈርስበትም።

ሕጋችንም ይህን መንፈስ አልተወም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ጉዲፈቻ በውል እንዲመሠረትና በፍርድ ቤት እንዲጸድቅ አደረገ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 183 የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋራ ያለው ዝምድና እንደማይቋረጥ ደነገገ፤ ከሁለቱ ቤተሰቦች አንዱን መምረጥ ግድ በሆነ ጊዜ ግን የአሳዳጊው ቤተሰብ ይቀድማል ይላል። አንባቢ ይህን አንቀጽ በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

አገራችን በዚህ ጉዳይ ልጅ ሰጪ ብቻ ሳትሆን ተቀባይም ነበረች። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምን በጐበኙ ጊዜ በአርመኖች ገዳም የተጠለሉ ወላጅ የሌላቸው ወጣቶች አገኙ። እነዚህ ልጆች በ1915 እ.ኤ.አ. በኦቶማን ግዛት በአርመን ሕዝብ ላይ ከወረደው እልቂት የተረፉ ነበሩ። አልጋ ወራሹ ከአርመኑ ፓትርያርክ ጋራ ተነጋግረው አርባውን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው፤ በሙዚቃም አሠለጠኗቸው። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን «ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ» ለተባለው ብሔራዊ መዝሙር ዜማውን የደረሰው ሰው ነው። ልጆቹ በታሪክ «አርባ ልጆች» ተብለው ሲጠሩ ይኖራሉ፤ ይሁን እንጂ የአርመን ስማቸውን አልቀየሩም፤ ማን እንደ ነበሩ የጠየቀ ሁሉ መልሱን ያገኛል።

አሁን ባሕር ማዶ ወደ ተስፋፋው ሥርዓት እንለፍ። መነሻው የኮሪያ ጦርነት ነው። ከ1950 እስከ 1953 እ.ኤ.አ. የተደረገው ጦርነት እጅግ ብዙ ሕፃናትን ያለ ወላጅ አስቀረ። ከ1951 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚያ የተዋጉት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮቻችንም በዶንግዱቾን ለእነዚህ ሕፃናት መጠለያ አቋቁመው እንደ ነበር ይታወቃል። በ1955 እ.ኤ.አ. ሃሪ ሆልት የተባለ የኦሬጎን ገበሬ፥ ሚስቱ በርታ ከስድስት ልጆቻቸው ጋራ በቤት ቀርታ፥ ወደ ኮሪያ ሄዶ ለወራት ተቀመጠ፤ የአሜሪካ ምክር ቤትም ለእርሱ ቤተሰብ ብቻ ባወጣው ልዩ ሕግ ስምንት ሕፃናት ይዞ ተመለሰ።

ዜናው በጋዜጣ በተሰማ ጊዜ ብዙ ቤተሰቦች እንደ እርሱ ልጅ ለመቀበል ተነሡ። ይሁን እንጂ ሁሉም ወደ ኮሪያ መሄድ አልቻሉም፤ ስለዚህ በውክልና መቀበል ተጀመረ። አሳዳጊው በአሜሪካ ተቀምጦ ወረቀት ይፈርማል፤ ወኪሉ በኮሪያ ፍርድ ቤት ያስፈጽማል፤ ሕፃናቱም በአንድነት በአውሮፕላን ተጭነው ይላካሉ። አባትና እናት ልጃቸውን መጀመሪያ የሚያዩት በአውሮፕላን ማረፊያ ነበር። የሕፃናትን ጉዳይ የሚመለከቱ ባለሙያዎች ይህን አጥብቀው ነቀፉት፤ ማንም ያልመረመረው ቤት ማንም ያላጠናውን ሕፃን ይቀበላልና። በ1961 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ ሕግ ነገሩን አጠበቀው፤ አሳዳጊዎች ልጁን ጉዲፈቻው ከመፈጸሙ በፊት ወይም ሲፈጸም በዓይናቸው ያላዩት እንደ ሆነ፥ በአገራቸው እንደ ገና ለመቀበል የሚያበቃቸውን ሁኔታ እንዲያሟሉ አዘዘ። ስለዚህ የአሳዳጊዎች ጉዞና ቆይታ በሕግ ዋጋ ያገኘው «ልጁን አይተኸዋልን?» በሚለው በዚህ ቀላል ጥያቄ ነው ማለት ይቻላል።

ይህ ሥርዓት ወደ አገራችን በሰፊው የገባው በኋለኛው ዘመን ነው። ከኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ በጉዲፈቻ የሄዱት ሕፃናት በ2005 እ.ኤ.አ. ወደ 440 ያህል ነበሩ፤ በ2010 እ.ኤ.አ. ግን ከ2,500 በለጡ። ወደ ስፔን፥ ወደ ፈረንሳይና ወደ ኢጣሊያም የሄዱት ብዙዎች ናቸው። መጀመሪያ ላይ የውጭ አገር አሳዳጊዎች በፍርድ ቤት የሚቆሙት በወኪል ነበር፤ ራሳቸው የሚመጡት ፍርዱ ካለቀ በኋላ ልጁን ለመውሰድ ብቻ ነው። ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ግን በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ራሳቸው እንዲቀርቡ ስለ ታዘዘ፥ ብዙዎቹ ሁለት ጊዜ ይመላለሱ ጀመር፤ አንዱ ለችሎት፥ ሁለተኛው ለጉዞ ፈቃድ።

በእነዚያ ዓመታት አዲስ አበባን የሚያውቅ ሰው እነዚህን እንግዶች ሳያይ አይቀርም። በከተማው እንግዳ ማረፊያ ቤቶች ያርፋሉ፤ ጠዋት ወደ ማሳደጊያው ሄደው ሕፃኑን ይታቀፋሉ፥ ወተት ያጠጣሉ፤ ሕፃኑም ሽታቸውንና ድምፃቸውን እስኪለምድ ድረስ ያለቅሳል። «እሺ»፥ «ና»፥ «ውሃ» የሚሉትን ቃላት ይማራሉ፤ ለልጁ መታሰቢያ ነጠላና ጀበና ይገዛሉ። ከእነርሱም አንዳንዶቹ ወደ ወላይታ ወይም ወደ ሐዲያ ተጕዘው ከወለደችው እናት ወይም ከአያቱ ጋራ ይገናኛሉ። አስተርጓሚ በመካከል ተቀምጦ በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ የሁለት ቤት ዕድል ይነገራል። ልጁ ወደ ፊት «ለምን ሰጠችኝ?» ብሎ ለሚጠይቀው ጥያቄ የሚሆነው መልስ፥ ካለ፥ ያለው በዚያች ሰዓት ውስጥ ነው።

ነገር ግን ፍሬ ጉዳዩ እዚህ ላይ ነው። በዚያች ሰዓት ሁለቱ ወገኖች አንድ ቃል ይዘው ሁለት ነገር ያስቡ ነበር። የገጠሪቱ እናት ጉዲፈቻ ሲባል የምታውቀው የአገሯን ልማድ ነው፤ ልጄ በሰው ቤት ያድጋል፥ ይማራል፥ አንድ ቀንም ይጠይቀኛል ብላ ብታስብ የሚያስገርም አይሆንም፤ የአገሩ ሕግም በአንቀጽ 183 ከዚህ አሳብ ጋራ ይስማማል። በአሜሪካ ግን ጉዲፈቻ ሲፈጸም የትውልድ ዝምድና በሕግ ይቋረጣል፤ ለልጁም አሳዳጊዎቹን ወላጅ አድርጎ የሚጽፍ አዲስ የልደት ምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። በፈረንሳይ በ1966 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ጉዲፈቻን በሁለት ከፈለው፤ አንዱ የትውልድን ዝምድና ፈጽሞ የሚቈርጥ፥ ሁለተኛው የማይቈርጥ ነው። እንግዲህ ልጁ አውሮፕላን ላይ ሲወጣ ከአንዱ ሕግ ወደ ሌላው ሕግ ይሻገር ነበር፤ ያስረከበችው እናት ግን ይህን መሻገር የምታይበት መንገድ አልነበራትም። አሳዳጊዎች የልጁን ኑሮ የሚገልጽ ጽሑፍ በየጊዜው፥ በኋላም ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላው ድረስ በየዓመቱ እንዲልኩ ይታዘዙ ነበር፤ ይሁን እንጂ ጽሑፉ የሚላከው ወደ መሥሪያ ቤት እንጂ ወደ እናት ደጃፍ አልነበረም።

እዚህ ላይ «እንግዲያውስ ወላጅና አሳዳጊ አስቀድመው በብዛት ቢገናኙ መልካም በሆነ ነበር» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። በግንቦት 1993 እ.ኤ.አ. በሄግ የተደረገው ስለ አገር አቋራጭ ጉዲፈቻ የሚናገረው ስምምነት፥ የወላጅ ፈቃድ በሕግ አግባብ ከመሰጠቱ በፊት አሳዳጊና ወላጅ እንዳይገናኙ በመሠረቱ ይከለክላል፤ ፈቃዱም በገንዘብ የተገዛ እንዳይሆን ያዝዛል። ባለጠጋ እንግዳ በድኻ ጎጆ ደጃፍ ሲቆም፥ አንዳች ሳይናገር እንኳ መቆሙ ብቻ ጉቦ ሊሆን ይችላልና። አገራችን በዚያን ጊዜ የዚህ ስምምነት አባል አልነበረችም። ስለዚህ መተያየት የሚጠቅመው በጊዜው ሲሆን ነው፤ ይኸውም እናት በነጻ ፈቃዷ ከወሰነች በኋላ፥ የወሰነችውም ነገር በሚገባት ቋንቋ ከተነገራት በኋላ ነው።

የሆነው ግን በብዙ ስፍራ ከዚህ የራቀ ነበር። የሕፃናቱ ቍጥር ሲበዛ ገንዘቡም በዛ፤ ገንዘቡ ሲበዛ የሐሰት ወረቀት ተበራከተ። አባቱ በሕይወት ያለ ልጅ ወላጅ እንደ ሌለው ተደርጎ የተጻፈበት ጊዜ ነበር። በ2014 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ከኢትዮጵያ ሕፃናትን ያስወስድ የነበረ የአንድ ድርጅት ሠራተኞች ሐሰተኛ ሰነድ አቅርበዋል ተብለው ተከሰሱ፤ ጥፋታቸውን ያመኑም ነበሩ። በ2003 ዓ.ም. የሴቶች፥ ሕፃናትና ወጣቶች ጉዳይ ሚኒስቴር በቀን እስከ 50 ይደርስ የነበረውን የሚመረመር መዝገብ ወደ 5 ዝቅ አደረገው። በዚያው ዓመት በዋሽንግተን ክፍለ ሀገር ከኢትዮጵያ የተወሰደች አንዲት ልጅ በአሳዳጊዎቿ ቤት በደረሰባት ሥቃይ ሞተች፤ አሳዳጊዎቿም በ2013 እ.ኤ.አ. ተፈርዶባቸዋል። ይህ ኀዘን በአገራችን ልብ ውስጥ ጠልቆ ቀርቷል። በ2009 ዓ.ም. ሥራው ታገደ፤ በጥር ወር 2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ አገር ዜጎች በጉዲፈቻ ልጅ መውሰዳቸው እንዲቀር ወሰነ። ከዚያ ወዲህ እነዚያ እንግዶች በከተማችን አይታዩም።

እውነትን ለመናገር፥ ከአሳዳጊዎቹ ብዙዎቹ ልጆቻቸውን በፍቅር ያሳደጉ ናቸው፤ ስለ ጥቂቶች ክፋት ሁሉን መኰነን ፍርድ አይሆንም። ደግሞም በር መዝጋት ብቻውን በማሳደጊያ ለቀረው ሕፃን እናት አያመጣለትም። ነገር ግን ፍቅር የወረቀትን ሐሰት አይሽርም። የኮሪያ ታሪክ ይህን ያስተምረናል። በመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. የደቡብ ኮሪያ የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን፥ ከ140,000 በላይ ሕፃናት በተላኩባቸው ዓመታት መንግሥት ተገቢውን ቍጥጥር ባለማድረጉ መብታቸው እንደ ተጣሰ፥ ወላጅ ያላቸውም ልጆች ወላጅ እንደ ሌላቸው ተደርገው መዝገብ እንደ ተጻፈላቸው ገለጸ። ይህን ያስነሡት ራሳቸው የተላኩት ልጆች ናቸው፤ አድገው፥ መዝገባቸውን ፈልገው፥ «ማን ነን?» ብለው ጠይቀዋልና።

የእኛም ልጆች ያንኑ መንገድ ጀምረዋል። በሕፃንነታቸው ታቅፈው የወጡት ዛሬ አድገው፥ የመንደራቸውን ስም በወረቀት ይዘው ይመጣሉ። የአሁኑ እንግዳ ልጁ ራሱ ነው፤ አስተርጓሚም የሚያስፈልገው ከእናቱ ጋራ ለመነጋገር ነው። ይህ ጥያቄ መልስ ማግኘቱና አለማግኘቱ በአሜሪካ ወይም በስፔን አይወሰንም፤ የሚወሰነው በእኛ ቀበሌዎች፥ በእኛ ፍርድ ቤቶች፥ በተዘጉትም ማሳደጊያዎች መደርደሪያ ላይ ባሉት መዝገቦች ነው። የሄግ ስምምነት እንኳ የልጁ ትውልድ የተመዘገበበት ሰነድ እንዲጠበቅ ያዝዛል፤ እኛም አባል ሆንን አልሆንን፥ ነገሩ ከስምምነት በፊት የሰውነት ግዴታ ነው።

ስለዚህ መዝገብ የሚጠብቅ ሹም አቧራ የሸፈነውን ፋይል የማይጠቅም ወረቀት ነው ብሎ እንዳይጥለው፥ በገጠር የሚያስተምር መምህርም የመንደሩን ሽማግሌዎች ቃል ጽፎ እንዲይዝ፥ ሕግ የሚማር ተማሪም ጉዲፈቻ የሚለው ቃል በሁለት አገር ሁለት ትርጕም እንዳለው እንዲያጠና ማሳሰብ እንወዳለን። አባቶቻችን በሽማግሌ ፊት ልጅ የተቀበሉት፥ የሰው ትውልድ ምስክር ያስፈልገዋል ብለው ነው። ዛሬ ሽማግሌው ቢያልፍ፥ በስፍራው የቆመው ምስክር መዝገቡ ነው፤ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ልጅ የሚጠይቀውም እርሱን ነው።