የቁልፉ ፊደልና የማሽኑ ፊደል፦ እንግዳ ፊደል ያላቸው የኮሞዶር 64 የቁልፍ ሰሌዳዎች

ኮሞዶር 64 የአሜሪካው ኮሞዶር ኩባንያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1982 ለገበያ ያቀረበው የቤት ኮምፒዩተር ነው። የቁልፍ ሰሌዳውና ዋናው ማሽን በአንድ ገላ ተሠርተው ከቤት ቴሌቪዥን ጋር ይገናኛሉ። በዓለም በብዛት ከተሸጡት የኮምፒዩተር ሞዴሎች አንዱ በመሆኑ ዛሬም በአሮጌ ዕቃ ሰብሳቢዎች እጅ ይገኛል። አልፎ አልፎም ከየት እንደመጣ የማይታወቅ፣ እንግዳ ፊደል የታተመበት የቁልፍ ሰሌዳ ያጋጥማል።

የሰሌዳውን ሀገር ለመለየት በመጀመሪያ የሚታየው ፊደሉ ነው። በአናቷ ላይ ትንሽ ክብ ያለባት የላቲን ኤ ካለች ሰሌዳው ለስዊድንና ለፊንላንድ ገበያ የተዘጋጀ ሊሆን ይችላል፤ ካታካና የተባለው ጽሕፈት ካለበት ደግሞ የጃፓን ነው። በቁልፎቹ የፊት ጎን ላይ ያሉት የመሥመርና የቅርጽ ምልክቶች ግን የባዕድ ፊደል አይደሉም፤ በመደበኛውም ማሽን ላይ አሉ።

ይሁን እንጂ በቁልፉ ላይ የታተመው ፊደል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ቁልፍ ሲጫን 8 ረድፍና 8 ዓምድ ባለው የሽቦ መረብ ላይ ሁለት መሥመሮች ይገናኛሉ። ማሽኑ የሚያውቀው የተገናኙበትን ቦታ እንጂ የቁልፉን ጽሑፍ አይደለም። በስክሪኑ ላይ የሚወጣው ቅርጽ የሚመነጨው 4 ኪሎባይት ከሚይዝ የፊደል ቺፕ ሲሆን፣ በውስጡ እያንዳንዱ ምልክት በ8 በ8 ነጥብ ተስሏል። ለስዊድንና ለጃፓን በተሠሩት ማሽኖች ከቁልፎቹ ጋር የውስጥ ቺፖችም የተቀየሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ የሚገዛ ሰው ማሽኑን አብርቶ ልዩ የሆኑትን ቁልፎች ቢጫን ይበጀዋል። የታተመው ፊደል በስክሪኑ ላይ ከወጣ ሰሌዳውና ቺፑ ይስማማሉ። ሌላ ምልክት ከወጣ ግን ሰሌዳው ከሌላ ማሽን ተነቅሎ የተገጠመ ወይም ቺፑ የተለወጠ መሆኑን ያመለክታል።

ይኸው መርሕ የግዕዝ ፊደልንም ይመለከታል። ቀደም ሲል የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ለፊደላቱ የየራሳቸውን ቁጥር ይሰጡ ስለነበር፣ በአንዱ የተጻፈ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር። የግዕዝ ፊደል በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲካተት እያንዳንዱ ፊደል አንድ ወጥ ቁጥር አገኘ። በዚህም የአማርኛ ጽሑፍ ከማሽን ወደ ማሽን ሳይዛባ የሚተላለፍበት የጋራ መሠረት ተጣለ።