እባብ ለምን ይደበቃል? ከሳኔቲ አምባ እስከ ድሬ ሼክ ሁሴን

ሮቤ፦ የባሌ አርሶ አደር ከእባብ ጋር የሚገናኘው አብዛኛውን ጊዜ ባልጠበቀው ቦታ ነው፤ የጭድ ክምር ሲያነሣ፣ የካብ ድንጋይ ሲያገላብጥ ወይም እጁን በጎተራ ሥር ሲሰድ። ከዚህ የተነሣ ብዙዎች እባብ የሚደበቀው ሰውን አድፍጦ ለመንደፍ እንደሆነ ያምናሉ። እውነታው ግን ሌላ ነው። መደበቅ የእባብ የዘወትር ኑሮ ነው፤ አብዛኛውን ዕድሜውን የሚያሳልፈውም ከዐይን ተሰውሮ ነው። የት፣ መቼና ለምን እንደሚደበቅ የተረዳ ሰው ራሱንና ቤተሰቡን ከአደጋ የመጠበቅ ዕድሉ ይሰፋል።

ጉዳዩ በቀላሉ የሚታይ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ በየዓመቱ 5.4 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በእባብ ይነደፋሉ፤ ከ81 ሺህ እስከ 138 ሺህ የሚሆኑት ሕይወታቸውን ያጣሉ። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2017 በእባብ መነደፍን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች ጋር መድቦታል። በይበልጥ የሚጎዱትም በገጠር የሚኖሩ ገበሬዎች፣ እረኞችና ሕፃናት ናቸው።

ሙቀቱን ከአካባቢው የሚያገኝ እንስሳ

ሰውም ሆነ በሬ የሰውነቱን ሙቀት የሚያመነጨው ከሚመገበው ምግብ ነው። እባብ ግን ሙቀቱን የሚያገኘው ከፀሐይ፣ ከድንጋይና ከአፈር ነው። ሲበርደው እንደ ልብ መንቀሳቀስ፣ ማደንም ሆነ የዋጠውን መፍጨት አይችልም፤ ከመጠን በላይ ሲሞቀው ደግሞ በአጭር ጊዜ ውስጥ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ከፀሐይ ወደ ጥላ፣ ከጥላ ወደ ጉድጓድ እየተመላለሰ የገላውን ሙቀት ያመጣጥናል። መደበቂያው እንደ ንስር ካሉ ጠላቶቹ የሚሸሸግበት ስፍራ ብቻ ሳይሆን ሙቀቱንና እርጥበቱን የሚጠብቅበት ቤቱም ነው።

የባሌ መልክዐ ምድር ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ባለው የሳኔቲ አምባ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ በዚያው አምባ ላይ የሚገኘው የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4 ሺህ 377 ሜትር ይደርሳል። በደጋው ያለ እባብ ሌሊቱን ለመሻገር ብርድ የማይደርስበት ጉድጓድ ወይም ስንጥቅ ያስፈልገዋል። ወደ ሶፍ ኡመርና ወደ ድሬ ሼክ ሁሴን ሲወረድ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ እባቡ የሚሸሸው የቀትሩን ሐሩር ነው። በደጋ ከብርድ፣ በቆላ ከሙቀት ይደበቃል ማለት ነው።

ከዚህ ሌላ የሚደበቅባቸው ጊዜያትም አሉ። ቆዳውን ሊጥል ሲቃረብ ዐይኑ ደመና የለበሰ ይመስላል፤ እይታው ስለሚደክም ለቀናት ከመደበቂያው ላይወጣ ይችላል። ትልቅ አደን የዋጠ እባብም ሰውነቱ ስለሚከብድና በፍጥነት መሸሽ ስለሚቸግረው የዋጠው እስኪፈጭለት ድረስ ይሰወራል።

ካቡ፣ ክምሩና ጎተራው

«እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ» ይላል የሀገራችን ብሂል። አባባሉ የተነገረው ስለ ሰው ተንኮል ቢሆንም የእባብን ማደሪያ በትክክል ይጠቁማል። ያለ ጭቃ የተደረደረ የድንጋይ ካብ ቀን የተቀበለውን የፀሐይ ሙቀት ሌሊት ቀስ በቀስ ይለቃል። በድንጋዮቹ መካከል ያለው ክፍተትም ጠባብ ነው። እባብ ከሰፊ ጉድጓድ ይልቅ ገላውን በየአቅጣጫው የሚነካ ጠባብ ስንጥቅ ይመርጣል፤ ተከልሎ መቀመጡን የሚያውቀው በዚህ ነውና።

ሁለተኛው ምክንያት ምግብ ነው። ባሌ የስንዴና የገብስ ሀገር ነው። እህል ባለበት አይጥ አለ፤ አይጥ ባለበትም እባብ ይከተላል። አጨዳው በኮምባይነርም ይሁን በማጭድ፣ የሚቀረው ጭድ ሲከመር ለአይጥ መጠለያና ቀለብ፣ ለእባብም ሙቀትና አደን ይሆናል። አብዛኞቹ እባቦች ጉድጓድ አይቆፍሩም፤ ፍልፈል፣ አይጥ፣ ጃርትና አዋልደጌሳ በቆፈሩት ወይም ምስጥ በሠራው ኩይሳ ውስጥ ይገባሉ። ስለዚህ በግቢ ውስጥ የበዛ የአይጥ ጉድጓድ ለእባብ የተሰናዳ ቤት ነው ማለት ይቻላል።

እንደየዓይነታቸው የሚለያይ አደባበቅ

ለሰው አደገኛ ከሆኑት መካከል ቀዳሚዋ በአፋን ኦሮሞ ቡቲ የምትባለው እፉኝት ናት። አጭርና ወፍራም ስትሆን በጀርባዋ ላይ የቀስት ጫፍ የሚመስሉ መስመሮች አሏት። የእርሷ መደበቂያ ጉድጓድ ብቻ አይደለም፤ ባለችበት ጸጥ ብላ መቅረትም ነው። የቆዳዋ ቀለም ከደረቅ ሣርና ከአፈር ጋር ስለሚመሳሰል ሰው ሲቀርብ ከመሸሽ ይልቅ እንዳለች ትቆያለች። አብዛኛው አደጋ የሚደርሰውም ሳያዩ ሲረግጧት ነው። ጠረኗንም ትሰውራለች። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ በደቡብ አፍሪካ በተደረገ ጥናት፣ የሠለጠኑ ውሾች የሌሎች እባቦችን ጠረን ሲለዩ አድፍጣ የምትጠብቀውን እፉኝት ግን መለየት አልቻሉም። ውሻ አብሮ መሄዱ ብቻ ዋስትና እንደማይሆን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በደጋ ደኖች ውስጥ ደግሞ ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኙ የእፉኝት ዝርያዎች አሉ። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች የሚታወቀው ዝርያ ለሳይንስ የተዋወቀው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ክልል ካለው የሐረና ደን የተገኘው ሌላው ዝርያ ግን ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ2016 ሲሆን ሳይንሳዊ ስሙም ከዚሁ ደን የተወሰደ ነው። የሚታወቀው ከጥቂት ናሙናዎች ብቻ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት በተመዘገበበት ምድር ይህን የሚያህል እንስሳ እስከ ቅርብ ጊዜ ሳይታወቅ መኖሩ እባብ ራሱን የመሰወር ችሎታው ምን ያህል እንደሆነ ያመለክታል።

በአፋን ኦሮሞ ጃዌ የሚባለው ትልቁ የአፍሪካ ዘንዶ መርዝ የለውም፤ የሚገድለው ጠምጥሞ በማነቅ ነው። በቆላማ አካባቢ በወንዝና በረግረግ ዳር ይኖራል፤ ከርከሮና አዋልደጌሳ ትተውት በሄዱት ጉድጓድም ይገባል። እንስቷ ዕንቁላሏን ከጣለች በኋላ እስኪፈለፈል ድረስ ለወራት ተጠምጥማ ትጠብቃለች። በዚህ ወቅት ወደ ጉድጓዷ መጠጋት አደገኛ ነው።

ሰው ከሚያሳድገው ዘንዶ የተገኘ ትምህርት

በውጭ ሀገራት በርካታ ሰዎች በቤታቸው የሚያሳድጉት «ቦል ፓይተን» የተባለ ትንሽ ዘንዶ አለ። የተፈጥሮ መኖሪያው ምዕራብና መካከለኛው አፍሪካ ሲሆን በዱር የአይጥ ጉድጓድና ኩይሳ ውስጥ ይውላል። ሲደነግጥ ራሱን በጥምጥሙ መሐል ቀብሮ እንደ ኳስ ስለሚሆን ስያሜውን ከዚያ አግኝቷል። አዲስ አሳዳጊዎች ዘንዶው ቀኑን ሙሉ ተደብቆ ሲውል የታመመ ይመስላቸዋል። ልምድ ያላቸው ግን ይህ የጤንነቱ ምልክት መሆኑን ያውቃሉ፤ በሣጥኑ ውስጥ አንዱን 32 ዲግሪ፣ ሌላውን 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ አድርገው ሁለት ጠባብ መደበቂያ ያዘጋጁለታል። መደበቂያ አንድ ብቻ ከሆነ እንስሳው ከደኅንነቱና ከሚስማማው ሙቀት አንዱን ለመምረጥ ይገደዳል።

ይህ ለእኛም ትምህርት አለው። ሜዳ ላይ የታየ እባብ አብዛኛውን ጊዜ ከአንዱ መደበቂያ ወደ ሌላው እየተሻገረ፣ አደን ወይም ተጓዳኝ እየፈለገ ነው፤ ወይም መደበቂያው በጎርፍ፣ በእሳት አለዚያም በእርሻ ፈርሶበታል። መሄጃ ከተተወለት ይሄዳል። የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ይዞ ማሳደግ ግን በሀገራችን ሕግ እንደማይፈቀድ ሊታወቅ ይገባል።

የሚጠነቀቁበት ሰዓት

እንደ ሮቤና ጎባ ባሉ ቀዝቃዛ አካባቢዎች እባብ የሚወጣው በአብዛኛው ፀሐይ መሬቱን ካሞቀች በኋላ ነው። ስለዚህ ከረፋዱ 3 ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ በሚያርፍበት ካብ፣ የመንገድ ዳርና የክምር ጥግ ላይ ዐይንን መጣል ተገቢ ነው። ማለዳ በብርድ ድንጋይ ወይም ነዶ የሚያነሣ ሰውም ደንዝዞ የተኛ እባብ ከሥሩ ሊኖር እንደሚችል ያስብ፤ መሸሽ ያልቻለ እባብ ሲነካ ይነድፋል።

በቆላው ዋናው ሰዓት ፀሐይ ከገባች በኋላ ያለው ነው። ወደ ድሬ ሼክ ሁሴን በእግር የሚጓዙና ሜዳ ላይ የሚያድሩ ምእመናን በሌሊት ሲንቀሳቀሱ መብራት ቢይዙ፣ ከድንጋይ ክምርና ከጉድጓድ ራቅ ብለው ቢያድሩ፣ ጠዋትም ጫማቸውንና ልብሳቸውን አራግፈው ቢለብሱ ይመከራል።

በግቢና በማሳ ምን ይደረግ?

• የጭድ ክምርንና የማገዶ እንጨትን ከመኖሪያ ቤት አርቆ መከመር፤
• ጎተራን ከመሬት ከፍ አድርጎ መሥራት፣ የተበተነ እህልን መጥረግ፣ አይጥን መቆጣጠር፤
• በቤት ዙሪያ ያለ ካብን ክፍተት በጭቃ መድፈን፣ ሣሩን ማጨድ፤
• ነዶ፣ ድንጋይና እንጨት ሲያነሡ አስቀድሞ በረጅም በትር መነካካት፤
• ሽፍን ጫማ ማድረግ፣ እጅን ወደማይታይ ጉድጓድ አለመስደድ፤
• እረኞች ልጆች ጉድጓድ እንዳይጎረጉሩ ማስተማር።

እባብ የውጭ ጆሮ ባይኖረውም የመሬትን ንዝረት ይሰማል። ስለዚህ በትር መሬት እየመቱ መራመድ ብዙዎቹን እባቦች ያርቃል፤ እፉኝት ግን ላትሸሽ ስለምትችል መንገድን ማየት አይቀሬ ነው።

ከተነደፉስ?

የተነደፈ ሰው ከስፍራው ዞር ብሎ ይረጋጋ፤ መራመድና መሮጥ መርዙን በሰውነት ውስጥ ያፋጥነዋል። እብጠት ከመጀመሩ በፊት ቀለበት፣ አምባርና ጠባብ ጫማ ይውለቅ። የተነደፈው እጅ ወይም እግር እንደ ስብራት በእንጨት ተደግፎ እንዳይንቀሳቀስ ይደረግ፤ ተጎጂውም በቃሬዛ ወይም በተሽከርካሪ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። ቁስሉን መብጣት፣ በአፍ መምጠጥ፣ በገመድ አጥብቆ ማሰርና በመድኃኒት ቅጠል ጊዜ ማጥፋት ጉዳቱን ያብሳል። እባቡን ለመያዝ ወይም ለመግደል መከተልም ሌላ ሰው ያስነድፋል። የመርዙ ማርከሻ የእባብ ፀረ-መርዝ መድኃኒት ነው፤ መድኃኒቱ በየትኛው ጤና ተቋም እንደሚገኝ ከአጨዳ በፊት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛን ጠይቆ ማወቅ በጭንቅ ሰዓት የሚባክነውን ጊዜ ያድናል።

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» እንዲሉ አንድ ጊዜ የደነገጠ ሰው ያገኘውን እባብ ሁሉ ለመግደል ይነሣል። አብዛኞቹ እባቦች ግን ለሰው አደገኛ መርዝ የላቸውም፤ የአርሶ አደሩን እህል የሚያወድመውን አይጥም ይበላሉ። መደበቂያውን ከደጅ ማራቅ፣ በማሳና በደን ያለውን ደግሞ በስፍራው መተው ለሰውም ለእህሉም የሚበጅ መንገድ ነው።