«አጠቃላይ» ማለት ምን ማለት ነበር?

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። የስሙን ቃላት አንድ በአንድ ብንፈታ የአብዛኞቹ ታሪክ ይታወቃል። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1873 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ የጎጃም ንጉሥ አድርገው ያነገሧቸው ራስ አዳል ናቸው፤ መንቆረር ትባል የነበረችው ከተማ ደብረ ማርቆስ የተባለችውም በእሳቸው ጊዜ ነው። «ሁለተኛ ደረጃ» ግልጽ ነው። «አጠቃላይ» የምትለዋን ግን ማንም ልብ ብሎ አያያትም። እኔም ለረጅም ጊዜ እንደ ማሟሟቂያ ቃል ነበር የማያት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቃሏ «ኮምፕሬሄንሲቭ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ትርጉም ነች። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ በተለይ ከ1950ዎቹ ወዲህ፣ በየጠቅላይ ግዛቱ ይስፋፋ የነበረው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዓይነት ይህ ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ የወረቀቱና የእጁ ትምህርት በአንድ ግቢ ይሰጥ። ተማሪው ሒሳብ፣ እንግሊዝኛና ታሪክ ይማራል፤ ከዚያው ጋር የእንጨትና የብረታ ብረት ሥራ፣ ግብርና፣ የሒሳብ መዝገብ አያያዝና ታይፕ፣ ወይም ሆም ኢኮኖሚክስ የሚባለውን የቤት አያያዝ፣ የምግብ አዘገጃጀትና የልብስ ስፌት ትምህርት ይወስዳል። «አጠቃላይ» ማለት እንግዲህ ጭንቅላትንም እጅንም ያጠቃለለ ማለት ነበር።

ለዚህ ገንዘብም ሰውም መጥቷል። የዓለም ባንክ ታናሽ ወንድም የሆነው ዓለም አቀፍ የልማት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1966 ለኢትዮጵያ ትምህርት 7.2 ሚሊዮን ዶላር አበደረ። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1962፣ ከ270 በላይ አሜሪካውያን የሰላም ጓድ መምህራን በአንድ ጊዜ ገብተው ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ተበትነዋል፤ ደብረ ማርቆስም ደርሷታል። በ1955 ዓ.ም. ደግሞ፣ ያን ጊዜ የጎጃም በሆነችው ባሕር ዳር፣ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ፖሊቴክኒክ ተከፈተ። ምዕራብም ምሥራቅም ጎጃም ላይ የእጅ ትምህርት ሲያስተምሩ ነበር ማለት ነው።

ታዲያ እንዲህ የተደገሰለት ነገር ወዴት ሄደ? ዛሬ የዚያን ዘመን ተማሪ ስታገኙ ስንት ነጥብ አምጥቶ ዩኒቨርሲቲ እንደገባ ይነግራችኋል እንጂ ምን ሠርቶ እንደነበር አይነግራችሁም። ለምን?

መልሱ የሚጀምረው ከትምህርት ቤቱ በፊት ነው። ጎጃም የእርሻ አገር ነው። ገበሬው ሞፈሩንና ቀንበሩን ራሱ ይጠርባል፣ ድግሩንና እርፉን ራሱ ያበጃል። ማረሻውን ግን አይሠራም፤ ማረሻው ብረት ነው፣ የሚሠራውም ቀጥቃጩ ነው። ያ ቀጥቃጭ ደግሞ «ቡዳ» ተብሎ ከሰው ተለይቶ የሚኖር፣ ከእሱ ጋር መጋባት የሚያስነውር ሰው ነበር። አገሩ በእሱ ብረት እያረሰ እሱን ይሰድባል። ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ፋቂው፣ ሁሉም እንዲሁ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ያስነገሩት በዚህ ምክንያት ነው። አዋጁ ወጣ፣ ስድቡ ግን ቀረ ማለት አይቻልም።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ። ጎጃም የቅኔ አገርም ነው፤ ዋሸራን፣ ዲማ ጊዮርጊስን፣ ደብረ ኤልያስን ማን የማያውቅ አለ? የቆሎ ተማሪ ጎጆውን ራሱ ይቀልሳል፣ ምግቡን ራሱ ያሰናዳል። ከፍ ሲል ብራና መፋቅ፣ ቀለም መበጥበጥ፣ መጽሐፍ መጠረዝ ሊማር ይችላል። ይህ ሁሉ የእጅ ሥራ ነው፤ ማንም ግን አይንቀውም። ለዳዊት የሚሆን ቆዳ የሚፍቀው ሰው ይከበራል፣ ለኮርቻ የሚሆን ቆዳ የሚፍቀው ይሰደባል። ቆዳው ያው ቆዳ ነው፣ መፋቁም ያው መፋቅ ነው። ስለዚህ «አበሻ የእጅ ሥራ ይንቃል» የሚለው የተለመደ አባባል ግማሽ እውነት ነው። የሚናቀው እጁ ሳይሆን፣ ከእጁ ጀርባ የምናየው ሰው ማንነት ነበር።

ወደ ክፍሉ እንግባ። የሥራ ክፍሉ መሣሪያዎች ስማቸው ራሱ ታሪክ ነው። መጋዝ፣ መሮና መላጊያ የአገራችን ቃላት ናቸው። ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ሞርሳና ስኳድራ ግን ጣልያንኛ ናቸው። ወደ ማብሰያው ስንሻገርም ያው ጣልያንኛ ይጠብቀናል፦ ፉርኖ፣ ሳልሳ፣ ፓስታ፣ መኮረኒ። ትምህርት ቤቱ ግን ለሁለቱ ክፍሎች ሁለት በር ሰጣቸው። በተለምዶ ወንዱ ወደ መጋዙ፣ ሴቷ ወደ ምድጃው ትሄዳለች። አንዱ «ቴክኖሎጂ» ተባለ፣ ሌላው «የሴት ነገር»።

አማርኛችን ግን እዚህ ላይ ከትምህርት ቤቱ የተሻለ ያውቅ ነበር። ሴትን «ባለሙያ ናት» ስንል ምን ማለታችን ነው? ወጥ ትሠራለች፣ ጠላ ትጠምቃለች ማለት ነው። ወንድን «ባለሙያ ነው» ስንል ደግሞ መሐንዲስ ወይም አናጺ ይሆናል። አንድ ቃል ነው። ቋንቋው ሁለቱንም ሙያ ይላቸዋል፤ የሚለያያቸው ደመወዙና ሰርተፊኬቱ ነው።

ደግሞስ ባልትና ቴክኖሎጂ ካልሆነ ምን ቴክኖሎጂ ነው? ጠላ እንይ። ገብሱ ተዘፍዝፎ ይበቅልና ብቅል ይሆናል። እህሉ ሲበቅል በውስጡ ኢንዛይም ይፈጠራል፤ ኢንዛይሙ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጣል፤ እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮል። ጌሾው ጣዕም ይሰጣል፣ አላስፈላጊ ተሕዋስያንንም ይገታል። እንጀራም እንዲሁ ነው። ካለፈው ሊጥ የተረፈው እርሾ አዲሱን ያቦካዋል፤ ቀጥሎ ከሊጡ ተቀንሶ አብሲት ይጣላል፣ ማለትም በፈላ ውኃ ይበስልና ይመለሳል። የበሰለው ስታርች ሊጡን ያያይዘዋል፣ ለእርሾውም ምግብ ይሆነዋል፤ ዓይን ያለው እንጀራ የሚወጣውም አንድም በዚህ ነው። ይህ የ11ኛ ክፍል ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ነው እኮ! ብቻ በዚያ መልክ ያስተማረን የለም።

የእናቴ ታላቅ እህት፣ እትዬ የምንላት፣ በ1960ዎቹ አንድ የጠቅላይ ግዛት ትምህርት ቤት ሆም ኢኮኖሚክስ ተምራለች። የተማረችው ኬክና ብስኩት ነበር፤ ቤቷ ግን ኬክ መጋገሪያ ኖሮ አያውቅም። ከትምህርቱ የቀረላት ሌላ ነገር ነው፦ ልኬት። እስከ ዛሬ በርበሬ ስታዘጋጅ ቅመሙን በብርጭቆ ትለካለች፣ ቁጥሩን በደብተር ትይዛለች፣ ካቻምና የበዛውን ዘንድሮ ትቀንሳለች። ሙከራ ማለት ይህ ነው። እንግዶች ሲያመሰግኗት «ባለሙያ ናት» ይላሉ፤ ከየት አመጣችው ብሎ የጠየቀ ግን አላየሁም። እሷም አትናገርም። ሙያ በልብ ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ታሪክ። ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው የወረቀት ፈተናው ነበር። እንግሊዝኛውንና ሒሳቡን ያላለፈ ተማሪ የሠራው ወንበር የፈለገውን ያህል ቢያምር በሩ አይከፈትለትም። ተማሪውም ወላጁም ይህን ለመረዳት ጊዜ አልፈጀባቸውም።

ከዚያ የትምህርት ሴክተር ሪቪው መጣ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1971 ተጀምሮ በ1972 ተጠናቀቀ። አብዛኛው ልጅ አራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ተምሮ ወደ ገጠር ሥራና ሙያ እንዲያዘነብል፣ ወደ ላይ የሚቀጥለው ጥቂቱ እንዲሆን የሚል ነበር። በወረቀት ላይ ለእጅ ሥራ ትልቅ ቦታ የሰጠ ዕቅድ ነው። መምህራንና ወላጆች ግን ሌላ ነገር አነበቡበት፦ የድኻ ልጅ ድኻ ሆኖ ይቅር። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ፤ በዚያው ቀን ታክሲ ነጂዎችም ቆሙ። መንግሥት ዕቅዱን አዘገየ፣ አብዮቱ ግን አልዘገየም።

ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ የምንሰማው እንደ ፖለቲካ ነው። እኔ ግን እንደ እጅ ታሪክም አነበዋለሁ። ሰው የተቃወመው መዶሻውን አልነበረም። የተቃወመው መዶሻው ለአንዱ ልጅ ብቻ ተሰጥቶ መጽሐፉ ለሌላው መሰጠቱን ነው። ትክክልም ነበር። «አጠቃላይ» ያለውን ነገር ከፍለህ እጁን ለገበሬ ልጅ፣ ጭንቅላቱን ለባለሥልጣን ልጅ ብትሰጥ፣ የገበሬው አባት አሻፈረኝ ይላል።

ደርግም በተራው ትምህርት ለምርት አለ፤ ከምሥራቅ ጀርመን ምክር ጋር የፖሊቴክኒክ ትምህርት ሞከረ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ ሙያውን ከመደበኛው ትምህርት ለይቶ የራሱን መንገድ ሰጠው። 10ኛ ክፍል ተፈትኖ ነጥብ የመጣለት ወደ መሰናዶ፣ ያልመጣለት ወደ ቴክኒክና ሙያ። ልብ በሉ፦ ወደ ሙያ የሚያስገባው በር «ወደቀ» የሚል ሆነ። የ1900ውን አዋጅ የሻረው ሰው የለም፤ እኛ ግን በነጥብ መልሰን ስድቡን አመጣነው።

ውጤቱ ምን ሆነ? በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። ስለ 3 በመቶዎቹ ብዙ ተወራ። እኔን የሚያሳስቡኝ 96ቱ ናቸው። 12 ዓመት ተቀምጠው ሲወጡ፣ ፈተናው አልሆነላቸውም፣ እጃቸውንም ማንም አልጠየቃቸውም። በጎጃም ደግሞ ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ባለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ጭራሽ ተዘግተዋል፤ ለዚያ ልጅ የወረቀቱም የእጁም በር አንድ ላይ ተዘጋ።

በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የሙያ ትምህርት ወደ መደበኛው ክፍል እየተመለሰ ነው። ደስ ይላል፤ ግን ሁለቱን ክፍሎች እንደገና በሁለት በር ከለየናቸው ያው ነን። በአንድ ላይ ሲሆኑ ምን እንደሚመስሉ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ምርጥ ምድጃ አለላችሁ። በ1980ዎቹ እዚሁ አገር የተሠራ፣ ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚቀረጽ የእንጀራ ምድጃ ነው፤ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ወጪ እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ለመሥራቱ ልኬትና ቅርጽ ማውጣት የሚችል እጅ ያስፈልጋል። ለመፈተኑ ግን እሳቱ ምጣዱን እኩል ማዳረሱን፣ እንጀራው ዓይን ማውጣቱን የምታውቅ ባለሙያ ያስፈልጋል። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አይጣፍጥም ይባላል፤ እውነት ነው፣ ደን ግን ይተርፋል።

አንድ የማርቆስ ተማሪ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ እንዲህ ያለ ምድጃ ቀርጾ፣ እንጀራ ጋግሮበት፣ የፈጀውን እንጨት መዝኖ በደብተሩ ቢያሰፍር፣ ያ ፊዚክስ ነው፣ ባልትናም ነው፣ የእጅ ሥራም ነው። ለዚያ ደብተር እንደ ሒሳብ ፈተናው እኩል ማርክ የሚሰጥ ትምህርት ቤት ሲኖረን «አጠቃላይ» የምትለዋ ቃል ትርጉሟን ታገኛለች። እስከዚያው፣ ቤታችሁ ውስጥ በ1950ዎቹና በ60ዎቹ የተማረ ሰው ካለ፣ ስንት እንዳመጡ ሳይሆን ምን እንደሠሩ ጠይቋቸው።