ወኔ ብቻውን ቀበቶ አያስታጥቅም

ስፖርተኛ ሲያሸንፍ «ወኔ አለው» እንላለን፤ ሲሸነፍ «ፈሪ ነው»። የቡና መገኛ ከምንላት ማንኪራ እስከ አዲስ አበባ፣ ቡና ሲጠጣ የሚሰማው ፍርድ ይኸው ነው። የቦክስ ታሪክ ግን ሌላ ይናገራል።

ጥቅምት 20 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ጃንሆይ ከዙፋን በወረዱ በ48ኛው ቀን፣ መሐመድ ዓሊና ጆርጅ ፎርማን ለከባድ ሚዛን የዓለም ሻምፒዮንነት ኪንሻሳ ላይ ተፋጠጡ። የ25 ዓመቱ ፎርማን 40 ጊዜ ተጋጥሞ 40ውንም አሸንፏል፤ 37ቱን በዝረራ። ዓሊን አሸንፈውት የነበሩትን ጆ ፍሬዘርንና ኬን ኖርተንን የጨረሳቸው በሁለተኛው ዙር ነው። ዓሊ 32 ዓመቱ ነው፤ ቬትናም አልዘምትም ብሎ ከሦስት ዓመት በላይ ከሪንግ ታግዶ ቆይቷል። ወኔና ጉልበት ቢመዘን የፎርማን ይደፋ ነበር።

ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ ዓሊ ገመዱ ላይ ተደገፈ። ፊቱን በክንዶቹ ከልሎ ጡጫውን ተቀበለ። የራሱ ሰዎች «ከገመዱ ውጣ!» ይላሉ፤ ስታዲየሙ ይጮኻል፤ እሱ ግን ከዕቅዱ አልተነቃነቀም። ጭራሽ እየተመታ ፎርማንን በነገር ይወጋዋል። ፎርማን ተናደደ፤ በንዴት ቡጢውን አዘነበ፤ በሙቀቱ ዛለ። ስምንተኛው ዙር ሊያልቅ ሰከንዶች ሲቀሩት ዓሊ ከገመዱ ተስፈንጥሮ ዘረረው።

ፎርማን ያጣው ወኔ አልነበረም። የተበተነበት ልቡ ነው። የተናደደ ቦክሰኛ ለመምታት ይቸኩላል፤ ጡንቻው ይወጠራል፤ ትንፋሹ ያጥራል፤ የሚመጣበትን ቡጢ አያይም።

ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ምሩጽ ይፍጠር በ1964 ዓ.ም. ሙኒክ ላይ በ10,000 ሜትር ነሐስ ቢያገኝም የ5,000 ማጣሪያው አመለጠው። ሞንትሪያልን አገሩ ስላልተካፈለች ስምንት ዓመት ጠበቀ። ሐምሌ 1972 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ ሁለቱንም ወርቅ ወሰደ። «ማርሽ ቀያሪው» ያሰኘው ፍጥነቱ ብቻ አይደለም። እግሩ ቢፈቅድለትም ሰዓቱ እስኪደርስ ማርሹን አለመንካቱም ጭምር ነው።

ፎርማንም ትምህርቱን አልረሳም። ከኪንሻሳ 20 ዓመት በኋላ፣ በ1987 ዓ.ም.፣ በ45 ዓመቱ ከ26 ዓመቱ ማይክል ሙረር ጋር ተጋጠመ። ዙር በዙር በነጥብ ተበለጠ። አልተናደደም፤ አልቸኮለም። በአሥረኛው ዙር ቀኝ እጁን ላከና ቀበቶውን መልሶ ታጠቀ። ጉልበቱ በወጣትነቱ ይበልጥ ነበር፤ ልቡን መሰብሰብ የቻለው ግን በጉልምስናው ነው።

ልብ መሰብሰብ እንደ ጡጫ ሁሉ በልምምድ ይመጣል። በዙር መካከል ባለችው አንድ ደቂቃ ትንፋሽን መመለስ፣ አንድ ዕቅድ ይዞ በጩኸት መካከል መለማመድ ይቻላል። እኛ ግን ልጆቻችንን ጠዋት እናስሮጣለን፣ ማታ ከረጢት እናስደበድባለን፤ በውድድሩ ቀን «ግባበት! ምታው!» ብለን እንጮኻለን። ሲሸነፉ ደግሞ ፈሪ እንላቸዋለን። ያላስተማርነውን እየጠየቅናቸው አይመስላችሁም?